ደረጃ መውጣት የማይችል መንገደኛ

ጥቅምት ፫፣ ሰኞ

ልጄ ዛሬ ደወለች። ዘወትር የምትደውልልኝ እሑድ ነውና ስልኩ ሲጮኽ ደኅና ወሬ አለመሆኑን ልቤ አስቀድሞ አወቀው። የእናቷ ልብ ታሟል። ሐኪሞቹ ተመካክረው ቀዶ ጥገና እንዲደረግላት ወስነዋል፤ ቀኑም ኅዳር ፲፪ ነው። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ዓረፍተ ነገሮቿ አጫጭር ነበሩ፤ ተማሪዎቼ የማይወዱትን ግጥም በቃላቸው ሲወጡት እንዲህ ነበር የሚናገሩት። ደጋግማ ተለማምዳዋለች ማለት ነው።

ቀጥላም «አባዬ፣ ከዚያ በፊት ብትመጣ ጥሩ ነው» አለች።

«እሷ ናት ያለችው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እሷ ምንም አላለችም።»

ስለዚህ የምሄደው ልጄ ስለ ጠየቀችኝ ነው። ኋላ ሌላ ትርጓሜ እንዳይሰጠው ይህን እዚህ ላይ በግልጽ ማስፈር እወዳለሁ።

የልጄ እናት ወደዚያች የወደብ ከተማ የሄደችው የልጅ ልጄ በተወለደች ሰሞን ነው፤ አራሷን ልትረዳ፣ ለሦስት ወር። ሕፃኗ አሁን አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከተማይቱ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ናት። በመካከላችን ጠብ አልነበረም፤ ማንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። እሷ «ልመለስ ወይ?» አላለችም፤ እኔም «ነይ» አላልሁም። ሦስቱ ወር ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ዓመት ወለደ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት በክፍል ውስጥ ሳስተምር በሙሉ ልቤ አምንበት ነበር።

የጽሕፈት መኪናዋ ዛሬም በመስኮቱ ሥር ነው። አራቱንም መጻሕፍቴን ከእጅ ጽሑፌ የገለበጠችው በእርሱ ነበር። አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ አልብሼዋለሁ። ጨርቁን በየሳምንቱ አጥበዋለሁ።


ጥቅምት ፭፣ ረቡዕ

ትኬት ቢሮ ሄድሁ። ወደዚያች ከተማ የሚበረው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ብቻ ነው። ለፊታችን ሰኞ ቦታ ነበረ፤ እኔ ግን ለጥቅምት ፳፬ ይሁንልኝ አልሁ። ማጠናቀቅ ያለብኝ ጽሑፍ አለ።

ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ አስተዋይ ዓይን አላት። ምርኩዜን ሰረቅ አድርጋ አየችና እገዛ ለሚሹ መንገደኞች የተዘጋጀ ቅጽ እንዳለ፣ ከፈቀድሁ ልትሞላልኝ እንደምትችል ነገረችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ አነበብሁት። መንገደኛውን በሦስት ይመድበዋል። አንደኛው፣ ደረጃ የሚወጣ፣ ነገር ግን ረጅም መንገድ መሄድ የሚያቅተው ነው፤ እስከ አውሮፕላኑ ሥር በተሽከርካሪ ወንበር ይወሰዳል። ሁለተኛው ደረጃ መውጣት የማይችል ነው፤ ከወንበሩ ሌላ እስከ አውሮፕላኑ በር ከፍ የሚያደርገው ማንሻ መኪና ይታዘዝለታል። ሦስተኛው በሰው እጅ እስከ መቀመጫው ድረስ መወሰድ ያለበት ነው። ጥያቄው ከበረራው አርባ ስምንት ሰዓት በፊት መቅረብ እንዳለበት ከግርጌው ተጽፏል። አጻጻፉ ደረቅ ነው፤ ስሕተት ግን አላገኘሁበትም።

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ልጆችን ፈተና አርሜያለሁ። ራስህን አርመህ ውጤት ስጥ ስባል ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። «የሚያስፈልግዎ እገዛ» ከሚለው ትይዩ «ምንም» ብዬ ጻፍሁና መለስሁላት።

በሩ ላይ ከደረስሁ በኋላ ተመለስሁና የአውሮፕላኑ መሰላል ስንት ደረጃ እንዳለው ጠየቅኋት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላት እንደማያውቅ ነግራኝ ሳቀች፤ ሆኖም ስልክ ደውላ አጣራችልኝ።

አሥራ ዘጠኝ።


ጥቅምት ፰፣ ቅዳሜ

ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከፎቅ እስከ ፎቅ አሥራ ስምንት ደረጃ። ከአውሮፕላኑ የምታንሰው አንዲት ደረጃ ናት። ሰው አንዲት ደረጃ ያቅተዋል?

ዛሬ ከምድር ቤት እስከ አንደኛው ፎቅ ለልምምድ ወጣሁ። በመካከሉ የቆምሁት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የውኃ ቢሮ ማስታወቂያ ለማንበብ ነው።


ጥቅምት ፲፩፣ ማክሰኞ

ማስታወቂያውን ዛሬም አነበብሁት። ሦስት የፊደል ግድፈት አለበት።

ምድር ቤት የሚሠራው ልብስ ሰፊ ሱሪዬን እንዲያሳጥርልኝ ሰጥቼዋለሁ። የክት ሱሪዬ ነው፤ የልጄ እናት ከመሄዷ በፊት የተሰፋ። ሱሪው አላደገም፤ ያጠርሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «ጋሼ፣ ሊሞሸሩ ነው እንዴ?» አለኝ። የቆየ ልብስ ብል እንዳይበላው መነካካት እንዳለበት ነገርሁት። ጠመኔውን አንሥቶ ምልክት አደረገ።

ከሱቁ ወጥቼ ደረጃውን ስጀምር አንዲት ደንበኛው ሽማግሌው ምን ጠፍቶባቸው ነው እንዲህ የሚወጡ የሚወርዱት ስትል ሰማኋት። ልብስ ሰፊውም ቀበል አድርጎ «ዕድሜያቸው ነው የጠፋባቸው፤ ደረጃው ላይ ጥለውት እንደሆነ እየፈለጉ ነው» አላት።

ቀልዱ በደንብ የተቀመረ ነው። ከዘጠነኛው ደረጃ ላይ ቆሜ ይህን ስመሰክርለት ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነፋስ ስለ ነበረ ይሆናል።


ጥቅምት ፲፮፣ እሑድ

ልጄ በሰዓቷ ደወለች። እናቷ ትንሽ ስትራመድ እንደሚደክማት፣ ሐኪሙ ከቤት እንዳትወጣ እንዳዘዛት ነገረችኝ። ከዚያ ወንበር መጠየቄን፣ አለመጠየቄን ልታጣራ ፈለገች። ትኬት ቢሮ ያለው ነገር ሁሉ መልክ መያዙን ነገርኋት። መልክ ይዟል ማለት ውሸት አይደለም።

ለልጄ ያልነገርኋት ነገር አለ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የልጄ እናት መጀመሪያ የምታየኝ እንደ ጆንያ ተጭኜ፣ ሰው ከኋላዬ እየገፋኝ ሊሆን አይገባም። እሷ የምታውቀው ሰው ወደ ክፍል ሲገባ ስልሳ ተማሪ የሚነሣለትን ነው። ቢያንስ በእግሩ ይግባ።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል ከልጄ ኋላ ድምፅ ሰማሁ። «ሹራቡን ይያዝ በይው፤ እዚህ ማታ ማታ ነፋስ አለ።» ለእኔ አልተናገረችም፤ ስለ እኔ ነው የተናገረችው። ቢሆንም ድምፅዋ ነበር። ሹራቡን ከሣጥን አውጥቼ ሻንጣው ውስጥ ከተትሁት። ከዚያ አወጣሁት። ከዚያ መልሼ ከተትሁት።

አመሻሹ ላይ ከጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጥሁ። ቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚናፍቀኝ ድምፅ ይህ ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔ ባንደኛው ጠረጴዛ፣ እሷ በሌላው፤ መስመር በጨረሰች ቁጥር የምትጮኸው ትንሿ ደወል። እኔ የጻፍሁትን ስትገለብጥ ስሕተቴን ሳትነግረኝ ታርመው ነበር። መጽሐፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ እኔ ያልጻፍሁት የተሻለ ቃል አገኝና የራሴ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁልጊዜ ወደ መኝታዋ ከመሄዷ በፊት ከጠረጴዛዬ አጠገብ ትቆማለች። «የሚያስፈልግህ ነገር አለ?» ትለኛለች። ራሴን ከወረቀቱ ሳላነሣ «ምንም» እላታለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት፣ በየምሽቱ። ራሴን የቻልሁ፣ ለሰው ሸክም የማልሆን ባል በመሆኔ እኮራም ነበር።

የሄደች ዕለት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣዋን ተረክበዋት ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል ዞር ብላ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እኔም ያንኑ መለስሁላት። ወዲያው አልሄደችም። ዓረፍተ ነገሩ ያላለቀ ይመስል ጥቂት ቆማ ጠበቀች።


ጥቅምት ፳፫፣ እሑድ

ሻንጣው ተዘጋጅቷል። ልብስ ሰፊው ጠዋት ሊያወርድልኝ ቃል ገብቷል። ሱሪው ልክ ሆኗል።

አሥራ ስምንቱን ዛሬ ሳልቆም ወጣሁ፤ ከሞላ ጎደል።


ጥቅምት ፳፬፣ ሰኞ

አልሄድሁም።

ነገ እጽፋለሁ።


ጥቅምት ፳፭፣ ማክሰኞ

የሆነውን እንደ ሆነው መጻፍ ይገባኛል። በዚህ ደብተር እንኳ ካልታመንሁ የት ልታመን ነው?

ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ደልዳላ ሴት ባዶ ወንበር እየገፋች መጣች። የሥራ ባልደረቦቿ «ሻለቃ» ይሏታል፤ ሰልፍ ስታስከፍት አይቻለሁና ስሙ አልበዛባትም። «ጋሼ፣ ወንበሩ ባዶውን ከሚሄድ ይቀመጡበት» አለችኝ። አመስግኜ ምንም እንደማያስፈልገኝ ነገርኋት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እሺ፤ ሐሳብዎን ከቀየሩ ጮክ ብለው ሻለቃ ይበሉ፣ እኔ አልርቅም» ብላ አለፈች።

አዳራሹ ረጅም ነው። አግዳሚ ወንበር ባገኘሁ ቁጥር ተቀምጬ ጋዜጣ አነበብሁ፤ እስከ በሩ ስደርስ ጋዜጣው አልቋል። ከዚያ አውቶቡስ፤ ከአውቶቡሱ አውሮፕላኑ ሥር።

የእኔ ቤት ደረጃ ድንጋይ ነው። ይህ ግን ብረት ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ከሥሩ ምድሩ የሚታይ። ነፋሱ ካፖርቴን ይጎትተዋል። መደገፊያው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርሁ። አምስተኛው ላይ ቀኝ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ስድስተኛውን በእጄ ጎትቼ ወጣሁ። ሰባተኛው ላይ ቆምሁ። ከፊቴ አሥራ ሁለት ደረጃ፣ ከኋላዬ የሰው ሰልፍ። የሚነበብ ማስታወቂያ አልነበረም።

ከኋላ አንዱ ምን ሆኖ ነው የቆመው ሲል፣ ሌላው ሽማግሌ ናቸው ተዋቸው ሲለው ሰማሁ። ከሁለቱ የበለጠ የወጋኝ ሁለተኛው ነው።

ያን ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «መነጽሬን ረስቼው መጣሁ» አልሁ። ተመልሼ መውረድ ጀመርሁ። ሰዉ ወደ ጠርዙ እየተጠጋ መንገድ ለቀቀልኝ። ከታች ያለው ሠራተኛ ፊቴን ትኩር ብሎ ካየ በኋላ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር።

ማንሻው መኪና ይጠራ ተባለ። በሜዳው ማዶ በሌላ አውሮፕላን ሥር ነበር፤ ለእኔ የታዘዘ ነገር ስለሌለ ሊያደርሱት አልቻሉም። ጥቂት ጠበቁኝ። ከዚያ ሻንጣዬን አወረዱልኝና በሩ ተዘጋ።

ሻለቃ ወንበሯን ይዛ መጣች። ተቀመጥሁ። ረጅሙን አዳራሽ እስከ ግማሹ ተመለስን። ኋላ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ እኔ በቀን ሠላሳ ሰው እገፋለሁ። ዳኛ ገፍቻለሁ። ኮሎኔል ገፍቻለሁ፤ በማዕረግ እበልጥሻለሁ እያሉ ሲከራከሩኝ አውሮፕላኑ ጋ ደረስን። የማይሄድ ሰው አስቸግሮኝ አያውቅም። የሚያስቸግረኝ እሄዳለሁ የሚለው ነው።»

ምርኩዜን ጭኔ ላይ አስተካከልሁ።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰሙም? መኪናው እኮ አለ። የሚመጣው ግን ሲጠሩት ነው።» ቀጥላም ወደ ማን እሄድ እንደነበር ጠየቀችኝ።

«ልጄ ዘንድ» አልኋት።

ለልጄ ትኬቱ ላይ ስሕተት እንደ ተፈጠረ ነገርኋት። የሚቀጥለው ሰኞ በረራ ሞልቷል፤ ያገኘሁት ኅዳር ፰ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት የመጨረሻው። ልጄ አልተቆጣችም። «እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ትኬቱን በደንብ ብታየው ጥሩ ነበር» አለችኝ ብቻ።

ለብሳ። በሩ አጠገብ።

መነጽርህ ዓይንህ ላይ ነበር፣ አንተ ሰው።


ጥቅምት ፳፯፣ ሐሙስ

ዛሬ እኔ ደወልሁ። እሑድ አይደለም፤ የደወልሁትም ወደ ልጄ ስልክ አይደለም። የቤቱን ቁጥር ሳልመለከት በቃሌ መታሁት። በቃሌ እንደማውቀው አላውቅም ነበር።

ራሷ አነሣችው።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«አወቅሁህ» አለች።

ከዚያ በኋላ የተባባልነው ብዙ አይደለም። እንቅልፍ እንደሚያስቸግራት ነገረችኝ፤ እኔን ደግሞ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፤ ደኅና ነው አልኋት። ስመጣ ምን ላምጣልሽ አልሁ። ከቤት የምትፈልገው መጽሐፍ፣ ነጠላ ጫማ፣ ትንሿ ራዲዮ፤ ማንኛውንም ነገር ትለኛለች ብዬ እርሳስ ይዤ ነበር።

«ምንም» አለች።

በክፋት አልነበረም። በትሕትና ነው፤ ልክ እኔ እንደምለው። ስልኩን ካስቀመጥሁ በኋላ እርሳሱን እንደ ያዝሁ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። አንድ ቃል ሠላሳ አራት ዓመት ሲነገር ይህን ያህል እንደሚከብድ፣ እስኪነገረኝ ድረስ አላወቅሁም። ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ የሰማችው ይህንን ነው። ከዚያ መብራቱን ቀንሳልኝ ወደ መኝታዋ ትሄድ ነበር።

ከቀትር በኋላ ትኬት ቢሮ ሄድሁ። ሠራተኛዋ አስታወሰችኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ብላ ፈገግ አለች። ቅጹን ስጪኝ አልኋት። ብዕሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጥቂት ቆመ። «ደረጃ መውጣት የማይችል መንገደኛ።» ምልክት አደረግሁበት። ስሜን ከሥሩ ስጽፍ የእጅ ጽሑፌ ከወትሮው አምሮ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከታች «ተረካቢ» የሚል ቦታ አለ፤ ስምና ዝምድና። ተረካቢ የሚባለው ለዕቃ እንደሆነ ነገርኋት። «አባባ፣ ሰውንም በር ላይ ጥለን አንሄድም፤ የሚረከብዎት ሰው ፈርሞ ነው የሚወስድዎት» አለችኝ። የልጄን ስም ሞላሁ፤ ዝምድና፣ ልጅ።


ኅዳር ፬፣ ሐሙስ

ልጄ ደወለች። እናቷ ሌሊቱን አልተኛችም፤ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ሐኪሞቹ ቀኑን ወደ ረቡዕ፣ ኅዳር ፲ አቅርበውታል። እኔ ሰኞ እደርሳለሁ። አንድ ቀን ብቻ ይተርፈናል።

በጥቅምት መጀመሪያ ቦታ ነበረ። ያን ጊዜ ሄጄ ቢሆን ኖሮ አንድ ወር አጠገቧ በተቀመጥሁ ነበር። ለጽሑፍ ነው ብዬ ነበር። ምን ጽሑፍ? በዚያ ሁሉ ሳምንት የጻፍሁት ነገር ቢኖር ይህ ደብተር ብቻ ነው።

ትኬት ቢሮ ሦስት ጊዜ ደወልሁ። ማንሻው መኪና መታዘዙን ሦስት ጊዜ አረጋገጡልኝ። ሦስተኛው ላይ ሠራተኛዋ «አባባ፣ መኪናውም እርስዎን ለምዶዎታል» አለችኝ።


ኅዳር ፭፣ ዓርብ

ወደ ምድር ቤት ወርጄ ልብስ ሰፊውን ሰኞ ሻንጣውን ብቻ ሳይሆን እኔንም ደግፎ እንዲያወርደኝ ጠየቅሁት። መርፌውን ከአፉ አወጣ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ብቻዎን ሲታገሉ ከረሙ?» አለኝ። ያን ቀልድ መስማቴን ነገርሁት። እስከ ጆሮው ቀላ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።


ኅዳር ፰፣ ሰኞ፣ ማታ፣ በልጄ ቤት

ሻለቃ መግቢያው ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። «ጋሼ፣ ዛሬስ መነጽርዎን ይዘዋል?» አለችኝ። ወሬው እሷ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። ይዣለሁ አልኋት። ተቀመጥሁ። አዳራሹን በግማሽ ሰዓት ፈንታ በአራት ደቂቃ ጨረስነው፤ ጋዜጣው ሳይነበብ ቀረ።

ማንሻው መኪና ትንሽ ክፍል የተሸከመ ነው፤ መስኮት አለው። ከነወንበሬ አስገባችኝና ቀስ እያለ ከፍ ማለት ጀመረ። በመስኮቱ ያን የብረት ደረጃ አየሁት። ሰዎች አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይወጣሉ። ከሁሉም ቀድሜ በሩ ላይ ደረስሁ። ሻለቃ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ ዛሬ ወደ ማን እንደምሄድ እንደገና ጠየቀችኝ፤ እንደ ረሳች ሆና። እንዳልረሳች አውቃለሁ።

«የታመመ ሰው ልጠይቅ ነው» አልኋት።

«ማን?»

በሩ ተከፈተና ለመመለስ ጊዜ አጣሁ።

እዚህኛው ማረፊያ የተቀበለኝ ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ ሰውዬ ነው። ወረቀቱን ይዞ እስከ መውጫው ገፋኝ። ልጄ አልነበረችም፤ መኪናዋን የምታቆምበት ቦታ አጥታ ስትዞር ቆይታለች። ከመውጫው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ግን ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ሴት ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ከቤት እንዳትወጣ የታዘዘችው ሴት ናት። ስታየኝ ለመነሣት ሞከረች፤ መልሳ ተቀመጠች።

ሰውዬው አጠገቧ አቆመኝና ወረቀቱን ተመለከተ። ወረቀቱን አየ፣ ፀጉሯን አየ፣ ተመልሶ ወረቀቱን አየ። «እዚህ ላይ የተጻፈው ልጅ ነው የሚለው» አለ። ልጅ አለመሆኗን ነገረችው። «ታዲያ ለመፈረም ዝምድናዎን መጻፍ አለብኝ። ምናቸው ነዎት?»

አልመለሰችለትም። ወደ እኔ ዞር ብላ ጠበቀች። ያን አጠባበቅ አውቀዋለሁ።

«ባለቤቴ ናት» አልሁ።

ሰውዬው ልጅ የሚለውን ሰርዞ ጻፈው። ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች። ፊርማዋ ያው ነው፣ የመጨረሻዋ ፊደል ጭራዋ ረዘም ያለ። ከዚያ ክንዴን በጣቶቿ ዳሰስ አደረገች።

«ሹራቡን ለብሰኸዋል» አለች።


ኅዳር ፲፣ ረቡዕ

ትናንት አልጻፍሁም። ቀኑን ሙሉ አብረን ተቀመጥን። ስለ ምን እንዳወራን ብጠየቅ በደንብ አላስታውስም፤ ስለ ልጅ ልጃችን ጥርስ፣ ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ውኃ ቢሮ ማስታወቂያ። በማስታወቂያው ላይ ካገኘኋቸው ሦስት ግድፈቶች አንዱን ስነግራት፣ ከት ብላ ሳቀችና ግድፈት አለመሆኑን አስረዳችኝ። ትክክል ናት።

ዛሬ ጠዋት በሆስፒታሉ ኮሪደር አስተናጋጁ ተሽከርካሪ ወንበር አመጣላትና አስቀመጣት። ሊገፋ ሲል እኔ እንድገፋት ይፈቀድልኝ ዘንድ ለመንሁት። ምርኩዜን አየ፤ ሆኖም ለቀቀልኝ። ልጃችን ምርኩዙን ተቀበለችኝ።

ከኋላ ሲያዝ ወንበሩ ያን ያህል እንደሚደግፍ አላውቅም ነበር። እጀታዎቹን ጨብጬ ስሄድ እሷን የምገፋ መስዬ እኔው ተደግፌ ነበር የምሄደው። ኮሪደሩ ረጅም ነው። ከመካከሉ ስንደርስ ትንፋሼን ሰምታ ኖሮ፣ ሳትዞር «ደከመህ?» አለች።

«አዎ» አልሁ። «ትንሽ እንረፍ።»

አሁን ዞር ብላ አየችኝ፤ ሌላ ሰው መጥቶ እንደሆነ ለማጣራት ያህል። ግድግዳው አጠገብ ቆምን። አስተናጋጁም ጠበቀን።

የመጨረሻው በር ላይ ስንደርስ ነርሷ ከዚህ በኋላ እሷ እንደምትወስዳት ነገረችኝ። ባለቤቴ እጄን ከእጀታው ላይ ሳላነሣ በእጇ ሸፈነችው። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«የሚያስፈልግህ ነገር አለ?»

«አለ» አልሁ። «ስትድኚ ወደ ቤት ነይ።»

ከከንፈሯ ዳር ፈገግታ የሚመስል ነገር አየሁ።

«ሦስተኛ ፎቅ ነው እኮ። ሁለታችንንም ማን ያወጣናል?»

«እንጠይቃለን» አልሁ።

በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። አሁን ስምንት ሰዓት ሆኗል። ልጃችን ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ይህን የምጽፈው እንዳልቀሰቅሳት በግራ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ፊደሎቼ ስለ ተጣመሙ ይቅርታ ይደረግልኝ።

እስካሁን የወጣ ሰው የለም።


ኅዳር ፲፩፣ ሐሙስ

ማለዳ ጠሩን። አልጋው ዙሪያ ብዙ ቱቦ አለ፤ ፊቷ አንሶላውን መስሏል። ልጃችን በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ቆምን። ዓይኗን ገለጠች፤ ልጃችንን አየች፣ ከዚያ እኔን።

ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ልትናገር ስትል ድምፅዋ አልወጣም፤ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አቀረብሁ።

ውኃ ጠየቀችኝ።

ነርሷ ገና መጠጣት እንደማትችል ነገረችንና ጥጥ በውኃ ነክራ ሰጠችኝ። ከንፈሯን አራስሁላት።

«ሌላ?» አልኋት።

«ጨምርልኝ» አለች።